ቅዳሜ ልጆቹንም እማዬንም ይዤ ወንዝ ዳር መዋል አስቤያለሁ፣ የት ይሻላል?

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ያላችሁ ወላጆች እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኛ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነን፣ ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 8 ናት፣ መሀለኛው 5 ሊሞላው ነው፣ ትንሿ ገና 18 ወሯ ነው፣ መሮጥ የጀመረችበት ሰሞን ማለት ነው፣ የምትሮጠው ደግሞ ሁሌ ወደማይሆነው በኩል ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሶስት ሳምንቷ፣ እኛ ስራ ስንሄድ እሷ መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ ፓርኪንግ ሎት ስታይ ትውላለች፣ ትናንት ማታ "እንዲህ ቆልፋችሁብኝ የምትሄዱ ከሆነ መልሱኝ፣ እዛ ቢያንስ ጎረቤት አለኝ" አለችኝ፣ እውነቷን እኮ ነው፣ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

እና ቅዳሜ ባሌም እኔም ኦፍ ነን። እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፣ ባሏ ቅዳሜ ስለሚሰራ መኪናውን እሱ ነው የሚወስደው ስለዚህ እሷ በሜትሮ ነው የምትመጣው። ልጆቹ ውሃ ውሃ ይላሉ። ወንዱ ልጄ አውሮፕላን ካየ ሌላ ነገር አይፈልግም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገትና ደረጃ አይሆንላትም፣ ባለፈው ሳላስብበት አንድ ዳገታማ ቦታ ወስጃት ግማሽ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ "እናንተ ሂዱ እኔን ስትመለሱ ታነሱኛላችሁ" አለች፣ ልጆቹ እማማን ጥለን አንሄድም ብለው ለቅሶ፣ በቃ ተመለስን።

በየሰዉ ቲኬት የሚቆረጥበት ቦታ አልፈልግም፣ ዘጠኝ ሰው ነን ተባዝቶ ሲመጣ ያስደነግጣል። ሰው ሁሉ ያርድስ ፓርክ ያርድስ ፓርክ ይላል፣ እኔ አንዴ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነው የማውቀው፣ በቀን ከልጅ ጋር እንዴት ነው? ጥላ አለው? ፓርኪንግስ? ሌላው ጥያቄ ፍልሰታ ነው፣ እማዬ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስም፣ በዚህ ሙቀት ሜዳ ላይ አውያት ብትወድቅብኝስ? ሶስተኛው ደግሞ አትሳቁ፣ ጀበናና ከሰል ይዘን ብንሄድ ችግር አለው? እሷ ቡናዋን ሳታፈላ ወጣሁ አትልም።

ሉሉ_ኔቪያርድ | ማክሰኞ ማታ

ቤቲዬ እኔ ከያርድስ ፓርክ ሁለት ብሎክ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ማዳላቴን እወቂልኝ። ለትንንሽ ልጅ ዲሲ ውስጥ ከሱ የሚሻል ወንዝ ዳር አላየሁም። ያለው አናኮስቲያ ወንዝ ላይ ነው፣ ድሮ የባህር ኃይሉ መርከብ ማምረቻና መጋዘን የነበረበት ሰፈር፣ ፓርኩ የተከፈተው በ2010 ነው። መሀሉ ላይ እንደ ቦይ አድርገው የሰሩት ጥልቀት የሌለው ውሃ አለ፣ በአንድ ጫፉ ውሃው ከላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ ልጆች በመጋረጃው ሲገቡ ሲወጡ ነው የሚውሉት። የ5 ዓመቱ ልጅሽን ጉልበቱ አካባቢ ቢደርስበት ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ ከመሬት እየፈነጠቀ የሚወጣ ፏፏቴ አለ፣ ትንሿ እሱን ትወደዋለች፣ የኔዋ በዛ እድሜዋ ቀዳዳው ላይ ቁጭ ብላ ውሃው ሲያነሳት ትጮህ ነበር። በር የለው ቲኬት የለው፣ ነጻ ነው። ወንዙ ዳር የእንጨት መሄጃ አለ ሜዳ ነው፣ ለእናትሽ ጉልበት አያስቸግርም፣ ስትሮለርም ይሄዳል።

አሁን ችግሩን ልንገርሽ። አንደኛ ጥላ፣ ውሃው አጠገብ ያለው ጥላ በጣም ትንሽ ነው፣ ቀድሞ የመጣ ይይዘዋል፣ በፈረንጅ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይጋላል፣ ትልቅ ጃንጥላ እና ለእሳቸው መደገፊያ ያለው ተጣጣፊ ወንበር ይዘሽ ነይ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ በይ ማለት ለጉልበት ህመምተኛ ቅጣት ነው፣ ሲነሱ ነው የሚብሰው። ሁለተኛ ቤዝቦል። ናሽናልስ ፓርክ እዚሁ ጎናችን ነው፣ ጨዋታ ካለ ፓርኪንግ ዋጋው ሰማይ ይነካል መንገዱም ይዘጋጋል፣ አውዲ ፊልድም ሩቅ አይደለም የእግር ኳሱ ቀን እንደዚሁ ነው፣ ከመውጣትሽ በፊት የሁለቱንም ፕሮግራም እዪ፣ እኔ እንኳን እዚህ እየኖርኩ ረስቼው ወተት ልገዛ ወጥቼ አርባ ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሶስተኛ ውሃውን አንዳንዴ ለጥገና ይዘጉታል፣ ጠዋት ድረገጹን ቼክ አድርጊ፣ ልጅ ቃል ገብተሽለት ደረቅ ቦይ ካሳየሽው አለቀልሽ።

እህትሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዛ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ትቀይር፣ ከዛ ቀጥ ብሎ ኔቪ ያርድ ጣቢያ ያመጣታል፣ መሀል ከተማ ድረስ ሄዳ መቀየር አያስፈልጋትም። ስትወርድ በኒው ጀርሲ አቬኑ በኩል ትውጣ፣ በሌላው በኩል ከወጣች ስታዲየሙ ፊት ለፊት ነው የምትገኘው።

የኤርፖርቱ_ታክሲ | ረቡዕ ሌሊት

ልጄ፣ አውሮፕላን የሚወድ ልጅ ይዘሽ ግራቭሊ ፖይንትን ካላየሽ ምኑን አሌክሳንድሪያ ኖርሽ? ናሽናል ኤርፖርት ስሰራ ስንት ዓመት ኖሬ ልጆቼን ያሳደግኩት እዛ ሜዳ ላይ ነው ብል ይቀለኛል። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ ሳር ሜዳ ነው፣ የኤርፖርቱ ዋና ማኮብኮቢያ ጫፍ አፍንጫው ስር ነው። ነፋሱ ከደቡብ ከሆነ አውሮፕላኑ ወንዙን ተከትሎ እየተጠማዘዘ መጥቶ በናትሽ ራስ ላይ አልፎ ያርፋል፣ ጎማውን ትቆጥሪዋለሽ። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ደግሞ ሲነሳ ነው በላይሽ የሚያልፈው፣ ድምጹ የበለጠ ነው። በየትም በኩል ቢሆን ልጁ ይረካል። ፓርኪንጉ ነጻ ነው።

ግን መግቢያውን ልብ በይ። የሚገባው ከጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን በሚሄደው በኩል ብቻ ነው፣ ከዲሲ የሚመጣ ሰው አሻግሮ እያየው ያልፈዋል፣ ኤርፖርት ድረስ ሄዶ ዞሮ መመለስ አለበት። ላንቺ ግን እግዜር ያመቻቸው ነው፣ ከአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን ወደ ሰሜን ስትመጪ ኤርፖርቱን እንዳለፍሽ በቀኝሽ ታገኚዋለሽ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ ካመለጠሽ ድልድዩ ይዞሽ ዲሲ ነው የሚከትሽ። ስትወጪም በሰሜን በኩል ብቻ ነው መውጫው። እና እንዲህ አድርጊ፣ ጠዋት መጀመሪያ እዛ ቁሙ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ይበቃል፣ ከዛ መንገዱ ራሱ ወደ 395 ሀይዌይ ያወጣሽና ድልድዩን ተሻግረሽ ኔቪ ያርድ ትገቢያለሽ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፣ ቤንዚንም አታባክኚም። ሁለቱን በአንድ መስመር ትሰሪያቸዋለሽ ማለት ነው፣ ታክሲ ነጂ እንዲህ ነው የሚያስበው ሃሃ።

ጥላ ግን የለም ብለሽ ውሰጂው። መጸዳጃው ያው ተንቀሳቃሹ የፕላስቲክ ነው፣ እናትሽን ከቤት ሳትወጡ አሳስቢያቸው። ዝይ ብዙ ነው፣ ዝይ ባለበት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ምንጣፍ ከመዘርጋትሽ በፊት ሳሩን እዪ። የብስክሌት መንገድ ደግሞ በመሀል ያልፋል፣ የሚበሩ ሰዎች ናቸው፣ ትንሿን እጇን እንዳትለቂ።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! ስድስት ዓመት ሙሉ በዛ መንገድ ስራ እየተመላለስኩ ሰዎቹ እዛ ሜዳ ላይ ምን ያደርጋሉ እያልኩ ነው የማልፈው። ሉሉዬ ያንቺን ስክሪንሾት አድርጌ ለእህቴ ልኬዋለሁ። የጾሙንና የቡናውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

አቤል_የመንትዮቹአባት | ረቡዕ ከሰዓት

እኔ ያርድስን አልቃወምም ግን ቅዳሜ በነሐሴ ሙቀት ግማሽ ዲሲ እዛ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ከወንዙ ማዶ አናኮስቲያ ፓርክ አለ፣ ሰው የሰፈሩን ስም ሲሰማ ይሸሻል እንጂ ከ1,200 ኤከር በላይ የሆነ የፌደራል ፓርክ ነው፣ ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋ ሜዳ፣ ዛፍ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፣ መኪናሽን ከምትቀመጪበት ሳር አጠገብ ታቆሚያለሽ ስለዚህ እናትሽ አስር እርምጃ አይራመዱም። ከሁሉ በላይ ጣሪያ ያለው የሮለር ስኬት ቦታ አለው፣ በጋ ላይ ጫማውን ራሱ በነጻ ያውሱሻል፣ ሰዓቱን ብቻ ቀድመሽ እዪ። የ8 ዓመቷ ልጅሽ ውሃ ውስጥ ከ5 ዓመት ልጆች ጋር መንቦጫረቅ ይሰለቻታል፣ የኔዎቹ 9 ናቸው ያርድስ ስወስዳቸው ግማሽ ሰዓት ቆይተው "አሁንስ?" ነው የሚሉኝ፣ ስኬቱ ላይ ግን እኔ ነኝ ለምኜ የማስወጣቸው። እዛው ያሉ ትልልቅ ሰዎች ስኬት ሲነዱ ለማየት ብቻ መሄድ ያዋጣል፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰውዬ ወደ ኋላ እየሄዱ ሲደንሱ አይቻለሁ እኔ ወደ ፊት መሄድ አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ።

እና እናትሽ አበባ ከወደዱ ሌላ ቀን ጠዋት ኬኒልዎርዝ ውሰጃቸው፣ እሱም አናኮስቲያ ዳር ነው፣ ኩሬ ኩሬው ላይ ሎተስ ያብባል፣ ዋናው ጊዜው ሐምሌ ነው በፈረንጅ ጁላይ ግን ነሐሴም ባዶ አይሆንም። ጠዋት ሂጂ፣ ሲሞቅ አበባው ይከደናል። ነጻ ነው። አደራ ግን ሁሉን በአንድ ቀን አታድርጊው፣ ጋሼ ያለውን ከጨመርሽ ቀድሞውኑ ሁለት ቦታ ነው።

የጽጌ_ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት

ቤቲ ቅዳሜ እኮ እስከ 9 ሰዓት አይጾምም! ቅዳሜና እሁድ ቅዳሴው በጠዋት ነው፣ ከዛ በኋላ የጾም ምግብ መብላት ነው፣ በውሃ ተከልክሎ የሚዋልባት ቅዳሜ አንዷ የፋሲካዋ ዋዜማ ናት። እናትሽ ይህን ከኔም ካንቺም የበለጠ ያውቁታል፣ እኔ እንደጠረጠርኩት እዚህ አገር ቀኑ ተምታቶባቸው ነው ወይ ደግሞ ላለመውጣት ሰበብ ነው ሃሃሃ። ጠዋት ቅዳሴ አድርሰሻቸው በዛው ውጡ።

ለምግቡ ምን ታስቢያለሽ፣ ፍልሰታ ለፒክኒክ የተሰራ ጾም ነው። ሱፍ ፍትፍት ሰርተሽ ኩለር ውስጥ ክተቺው፣ ከቀዘቀዘ ነው የሚጥመው፣ ሱፉን ማታ አጥልለሽ አሳድሪው፣ እንጀራውን ግን እዛው ደርሰሽ ፈትፍቺ አለበለዚያ ገንፎ ይሆናል። ቲማቲም ፍትፍት ቃሪያው በዛ ብሎ፣ ስልጆ ካለሽ ስልጆ፣ ቆሎ ለመንገድ። ወጥ ምናምን አትያዢ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል ልጆቹም እጃቸው ቀልቶ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ልጆቹ ካልጾሙ የኦቾሎኒ ቅቤና ጃም ዳቦ ላይ ቅቢላቸው፣ እሱም ሳያውቁት የጾም ነው። የኔ የ7 ዓመቷ ፍልሰታን ልጹም ብላ ሶስተኛ ቀኗ ነው፣ አይስክሬሙ መኪና እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ሂሩት_ነርስ | ረቡዕ ማታ

እንደ እናትም እንደ ነርስም ልናገር፣ አትቆጡኝ። ወንዝ ዳር መዋልና ወንዝ ውስጥ መግባት ሁለት ነገር ነው። ዲሲ ውስጥ አናኮስቲያም ፖቶማክም መዋኘት ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም የከተማው አንድ ሶስተኛ የሚሆነው ሰፈር የዝናብ ውሃውና የፍሳሹ ቧንቧ አንድ ላይ ነው፣ ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ይሞላና ወደ ወንዝ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። አሁን ትላልቅ ቱኔሎች ሰርተው በጣም ቀንሶታል፣ ቢሆንም ልጅ እጁን ነክሮ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ወንዙን ባይነኩት ጥሩ ነው። ያርድስ የሚጫወቱበት ውሃ ግን የወንዙ አይደለም ለብቻው ነው፣ እሱ አያስፈራሽ። ለትንሿ የውሃ ዳይፐር ግዢ፣ ተራው ዳይፐር ውሃ ሲጠጣ ጡብ ያህል ከብዶ ይወልቃል፣ ያኔ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሻል።

ግራቭሊ ፖይንት ላይ ደግሞ ወንዙ ዳር አጥር የለም፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው። ሁላችሁም አውሮፕላኑን ቀና ብላችሁ በምታዩበት ሰዓት ትንሿን የሚያያት ማነው? ሳቅ አይደለም የምሬን ነው፣ ሰው በበዛበት "ሁሉም ያያታል" ማለት ማንም አያያትም ማለት ነው፣ የኔ ልጅ ስድስት አዋቂ ባለበት ነው አንዴ ወንዝ ድንጋይ ላይ ወጥታ ያገኘናት፣ ጉልበቴ እስካሁን ሳስበው ይከዳኛል። ስም ጠርታችሁ ተረከቡ፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያንተ ናት፣ ከዛ የኔ። እናትሽ ላይ ጣይው ማለት አይደለም ጉልበታቸው አይሮጥም።

የትንሿን ጆሮ ደግሞ ሸፍኚላት፣ የልጅ ጆሮ መከላከያው በርካሽ ይገኛል። ሰንስክሪን ቀቢያቸው፣ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን እርሺው። እማማን ውሃ ጠጡ ስትያቸው ጠጥቻለሁ ይሉሻል አልጠጡም፣ ብርጭቆውን በእጃቸው ስጪ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ነው የሚያደክማቸው፣ ራሴን አዞረኝ ካሉ ጥላ ውስጥ ቁጭ፣ እዛው ቤት።

ጀበናው_ተሰበረ | ሐሙስ ጠዋት

የስሜን ታሪክ ልንገራችሁ ቤቲ የቡናውን ስለጠየቅሽ። አምና የባለቤቴ እናት መጥተው አንድ ፓርክ ሄድን የቱ እንደሆነ ልተወው፣ አክስቶቿ ረከቦት ቄጠማ እጣን ሳይቀር ጭነው መጡ፣ እኔ ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ ቡናው ሲቆላ ጭሱ ሰማይ ደረሰ ደስ ሲል፣ ጎረቤት የተቀመጡ ፈረንጆች ፎቶ እያነሱን እኛም እየሳቅን። ገና አቦሉ ሳይወርድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ከተፍ አለ፣ ሳር ላይ እሳት ክልክል ነው ሰሌዳውን አላያችሁም ወይ አለ፣ ልክ ነበር ሰሌዳው ከኋላችን ነበር ጋቢ አስጠግተን ጃኬት ሰቅለንበታል። ባለቤቴ እናቷን ለማስረዳት ስትሞክር እሳቸው ሰውዬውን በአማርኛ "ቁጭ በል ልጄ አንድ ስኒ ጠጣ" እያሉ ስኒውን ሲዘረጉ እኔ ከሰሉን በኩለር ውሃ ለማጥፋት ተጣድፌ ስነሳ ጀበናውን በእግሬ። የጎንደር ጀበና ነበር፣ በእጃቸው ይዘውት ነው በአውሮፕላን የመጡት። እስከ ዛሬ ምን አይነት አማች ነው የሚለው ወሬ ቤታችን ውስጥ ይኖራል።

ስለዚህ ያርድስ ላይ ከሰል እርሺው። ቤት አፍልተሽ ቴርሞስ ውስጥ፣ ግን ፔርሙዙን ቀድመሽ በፈላ ውሃ አሙቂው። ስኒና ረከቦት ያዢ፣ እሱን ማንም አይከለክልሽም፣ ለእሳቸው ግማሹ ደስታ ስኒው ነው።

ዝምተኛው | ሐሙስ ጠዋት

ናሽናል ሃርበርስ? ፖቶማክ ዳር ነው፣ ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግሮ ነው። አሸዋው ውስጥ ያ ከመሬት የሚነሳ ግዙፍ ሰውዬ ሀውልት አለ ልጆች ይወጡበታል።

ሉሉ_ኔቪያርድ | ሐሙስ ጠዋት

ጥሩ ነው ግን እዛ በየአቅጣጫው ሱቅ ነው፣ አምስት ልጅ ይዞ በአይስክሬምና በፌሪስ ዊሉ ፊት ማለፍ በነጻ አይባልም።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ | እሁድ ማታ

ሄድን መጣን፣ በህይወት አለን። ቃል ስለገባሁ ልጻፍላችሁ፣ ልጆቹ ተኝተዋል እማዬም ሶፋው ላይ እያንኮራፋች ነው።

መጀመሪያ የጽጌ ልጅ ጠርጥረሽ ነበር፣ እማዬን "ቅዳሜ እኮ እስከ 9 አይጾምም" ስላት ዝም ብላ አየችኝና "ማን ነገረሽ?" አለች። ማስተባበያ የለም በቃ። ጠዋት ቅዳሴ አደረስኳት፣ 10 ሰዓት በፈረንጅ ሲሆን ነጠላዋን እንደለበሰች መኪና ውስጥ ገባች።

ግራቭሊ ፖይንት፣ ጋሼ ምን ልበልዎት። ነፋሱ ከደቡብ ነበር መሰለኝ በየሁለት ሶስት ደቂቃው በላያችን እየመጣ ነው የሚያርፈው። የመጀመሪያው ሲመጣ እማዬ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች "በስመ አብ!" ብላ ጎንበስ አለች፣ አለፈና ቀና ብላ "እኔንም እንዲህ አድርጎ ነው ያመጣኝ?" አለች። ልጄ 14 ቆጠረ፣ ባሌ 12 ነው ይላል፣ አሁንም እየተከራከሩ ነው። ሂሩት ያልሽውን አደረግን፣ ትንሿን ባሌ ለ20 ደቂቃ እኔ ለ20 ደቂቃ፣ የሱ ተራ ላይ ዝይ ስታባርር ሜዳውን ሁለቴ አዞረችው ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ወንዱን ከዛ ማስነሳት ግን አልተቻለም፣ አሁን አንድ ብቻ አሁን አንድ ብቻ፣ በመጨረሻ ብስኩት አሳይቼ ነው መኪና ውስጥ የከተትኩት፣ ፖሊሲ ካላችሁ ጉቦ ነው ፖሊሲዬ።

ያርድስ ስንደርስ እህቴ ቀድማ ደርሳ ጥላ ይዛ ጠበቀችን፣ ሉሉ የፎርት ቶተኑ ነገር ገላግሏታል። ፓርኪንግ የከፈልኩትን አልናገርም ባሌ ይሄን ፎረም ያነባል። ስምንት ዓመቷ አቤል እንዳልከው ግማሽ ሰዓት አልሞላም ሰለቸኝ ብላ መጥታ ከእማዬ ወንበር ስር ቁጭ አለች። እማዬ ደግሞ ውሃውን አይታ አይታ ጫማዋን ፈታች፣ ወንበሩን አስጠጉልኝ አለች፣ እግሯን ቦዩ ውስጥ ነከረች። ከዛ ለልጅቷ ቀበና ወንዝ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ልብስ ያጥቡ እንደነበር፣ ያጠቡትን ድንጋይ ላይ ሲያሰጡ ነፋስ አንድ ቀሚስ ወስዶባት እስከ ታች ድረስ ወንዙን ስትከተል እንደዋለች ነገረቻት፣ እኔ ይሄን ታሪክ በህይወቴ ሰምቼው አላውቅም! ልጄ ግማሹን አማርኛ ስላልገባት "ማሰጣት ምንድነው?" ብላ ጠየቀቻት፣ እማዬ ተነስታ እርጥብ ፎጣ ወሰደችና ግንቡ ላይ ዘርግታ አሳየቻት። ከዛ አምስቱም ልጆች የሁላችንንም ፎጣ እያራሱ ማስጣት ጀመሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚደርቁበት ፎጣ አልነበረንም እንጂ።

ሱፍ ፍትፍቱ አለቀ። ቡናውን ከቴርሞስ ስቀዳላት "ይሄ ቡና አይደለም" አለች፣ ሶስተኛውን ጠጥታም "አይደለም" አለች። 4 ሰዓት አካባቢ በፈረንጅ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሮጠ፣ እኛም ጠቅልለን ስንሮጥ የትንሿ ጫማ አንዱ እዛው ቀረ። ሮዝ ክሮክስ፣ ላዩ ላይ እንጆሪ ያለበት፣ ቁጥር 5። እዛ ሰፈር የምትኖሩ ካያችሁት እባካችሁ፣ ሌላ ጫማ አላደርግም ብላ ዛሬ ቤተክርስቲያን በአንድ እግሯ ነው የሄደችው።

የኤርፖርቱ_ታክሲ | እሁድ ማታ

14 ልክ ነው ልጄ፣ በዛ ሰዓት ለ40 ደቂቃ ከሆነ ባልሽ ዝይ ሲያባርር ሁለቱ አምልጠውታል።

ሉሉ_ኔቪያርድ | ሰኞ ጠዋት

ቤቲ ዛሬ ጠዋት ስሮጥ አይቼዋለሁ፣ አንድ ሰው የፓርኩ ድልድይ አጥር ላይ ሰክቶታል፣ እንጆሪው አለ። ወስጄ በረንዳዬ ላይ አስጥቼዋለሁ።